በድኃ ስም ሶደሬ እንሂድን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የንባብ ክፍል፦ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቁጥር 1 እስከ 9፤ 2ኛ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ምዕራፍ 8

 

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን። ስያሜውን ያገኘው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ከአልጋው ተጣብቆ ከኖረው በሽተኛ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ሲጽፍ ጊዜው የአይሁድ በዓል እንደ ነበረ ይነግረናል። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ወደ ደስታው ይሄዳል፤ ጌታችን ግን አምስቱ መመላለሻዎች ወዳሉበት፣ ዕውሩና አንካሳው ወደ ተኛበት ሄደ። በሽተኛውንም ልትድን ትወዳለህን ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ገንዘብ አልጠየቀም። ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ተናገረ። ከውኃው አጠገብ ተኝቶ ውኃው ራቀው። ያጣው ሰው ነበር።

ይህን ታሪክ ለኛ አካባቢ ወጣት ማስረዳት አያስቸግርም። ሶደሬ ከአዳማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ከምድር ውስጥ የሚፈልቀውን ፍል ውኃ ፍለጋ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣባታል። አንደኛው ሊዋኝና ሊዝናና የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ እግሩን የሚያመው፣ ሙቅ ውኃ ያሽለኛል ብሎ የሚመጣው ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ውኃ ይወርዳሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይተያዩም።

በየዩኒቨርሲቲው ያለን ወጣቶች ለተቸገሩ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ ስናስብ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን ቀድሞ የሚመጣው ጉዞ ነው። አውቶቡስ እንከራይ፣ ትኬት እንሽጥ፣ ሶደሬ ደርሰን እንመለስ፣ ትርፉን ለድኃ እንስጥ እንላለን። አሳቡ በክፋት የመጣ አይደለም። ወጣት ከወጣት ጋር መሰባሰብ ይወዳል፤ በአንድነት መዘመርና በአንድነት መብላትም ፍቅርን ያጠነክራል። ሆኖም ቁጭ ብለን ሒሳቡን እንሥራ። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቆጥር አስተምሯልና (ሉቃ. 14፥28)።

ለምሳሌ ያህል 50 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 600 ብር ከፈሉ እንበል። 30,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለአውቶቡስ ኪራይ 14,000፣ ለምግብና ለለስላሳ መጠጥ 9,000፣ ለመግቢያ፣ ለትኬት ኅትመትና ለልዩ ልዩ ጥቃቅን ወጪ 4,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላ ወጪው 27,000 ብር ነው። የሚተርፈው 3,000 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ ዘጠኙ እጅ ለእኛ ሆነ፤ አንዱ እጅ ለድኃው ደረሰ። አሥራት የሚወጣው ለእግዚአብሔር ነበር፤ እኛ ግን የእርሱን ወንድሞች በስማቸው ከተሰበሰበው ገንዘብ አሥራት ተቀባዮች አደረግናቸው። ከዚያም ማታ በአውቶቡሱ ውስጥ እያጨበጨብን ስንመለስ በጎ ሥራ የሠራን ይመስለናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሶደሬ መሄድ ኃጢአት ነው የሚል የለም። ሽርሽርን ሽርሽር እንበለው፣ ዋጋውንም ከኪሳችን እንክፈል። በድኃው ስም ትኬት ሸጠን ለራሳችን የምሳ ወጪ ስናደርገው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ትኬቱን የገዙ አባትና እናት ገንዘባችን ለተቸገረ ይደርሳል ብለው ነው የሰጡት። ቶምቦላም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዕጣውን የሚገዛው ሰው ልቡ ያለው ከሚደርሰው ዕቃ ላይ ነው፤ ድኃው ትዝ የሚለው ዕጣው ሳይወጣለት ሲቀር ነው።

እንግዲያስ ተማሪ ከየት ያመጣል? ተማሪ እኮ ራሱ የሰው እጅ ጠባቂ ነው የሚል ይኖራል። መልሱን ከቅዱስ ጳውሎስ እንስማ። በኢየሩሳሌም ለነበሩ ችግረኞች ርዳታ ሲሰበሰብ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ምሳሌ አድርጎ ያቀረበላቸው ባለጠጎችን ሳይሆን በመከራና በድህነት ውስጥ የነበሩትን የመቄዶንያን ምእመናን ነው። እነርሱ ከዓቅማቸው በላይ ሰጡ፤ ከርዳታው ሱታፌ እንዲኖራቸውም ራሳቸው ለመኑ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ራሳቸውን ለጌታ ሰጡ። በአዲስ አበባ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚረዱበት ማዕከል መቄዶንያ ተብሎ መጠራቱ ይህንኑ ያስታውሰናል። ያን ማዕከል ቢንያም በለጠ ጥቂት አረጋውያንን በመሰብሰብ ጀመረው፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ይጦሩበታል። የቆመውም ከብዙ ሰው በሚሰበሰብ ትንሽ ትንሽ ስጦታ ጭምር ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት ለዚህ ነው።

በተግባር ልናደርገው የምንችለውን በአራት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፤ ከራስ መቀነስ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለዕይታ አቀረቡ። መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበርና ብዙዎች ያወቁት ከዚያ ወዲህ ነው። ተማሪዎቹ ያን ካዩ በኋላ ከቁርሳቸው ቀንሰው ለረኃብተኛው እንዲደርስ አደረጉ። ትኬት አላሳተሙም፣ አውቶቡስም አልተከራዩም። የሰጡት በዚያች ጠዋት ሊበሉት የነበረውን ነው። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለተፈናቀሉና ለተራቡ ወገኖች ምግባቸውን ሲተዉ እንሰማለን። እኛ የተዋሕዶ ልጆች ደግሞ ለዚህ አዲስ ሥርዓት መፈለግ የለብንም። ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን ያስተምራል። በጾም ቀን የተውነው የሻይና የብስኩት ገንዘብ በኪሳችን ከቀረ ያ ጾም ቁጠባ እንጂ ምጽዋት አልሆነም።

ያንኑ የ50 ተማሪዎች ሒሳብ እንደገና እንሥራው። እያንዳንዱ በሳምንት 20 ብር ብቻ ከሻዩ ላይ ቀንሶ ቢያስቀምጥ በሳምንት 1,000 ብር ይሆናል። በ16 ሳምንት የትምህርት ወቅት 16,000 ብር ነው። ወጪ የለበትም፤ ሁሉም ለድኃው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ያወጣው 320 ብር ነው፤ ይኸውም በምሳሌያችን ለጉዞው ከከፈለው በግምት ግማሹ መሆኑ ነው፤ ለችግረኛው የደረሰው ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን እንዲያስቀምጥ ያዘዘው ይህን ዓይነቱን ነው።

ሁለተኛ፤ በእጅ ሥራ ማግኘት። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው (ሐዋ. 9፥39)። የዘመናችን ተማሪ ምን ያውቃል? ሒሳብና ፊዚክስ ያውቃል፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን በክረምት አስጠንቶ ክፍያውን ለበጎ አድራጎት ማዋል ይችላል። ቴክኖሎጂ የሚማረው የተበላሸ ራዲዮ፣ ስልክና ኮምፒዩተር ይጠግናል። ጽሑፍ መተየብ የሚችል ይተይባል። የሊስትሮ ሣጥን ይዘው በግቢ በር የመምህራኖቻቸውንና የጓደኞቻቸውን ጫማ እየጠረጉ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ተማሪዎችም አሉ። ይህን የሚንቅ ቢኖር በጸሎተ ሐሙስ የሚከናወነውን ሥርዓት ያስብ። መምህር የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ፣ ደቀ መዝሙር የመምህሩን ጫማ ቢጠርግ ምን ይጎድልበታል?

ሦስተኛ፤ መጠየቅ። ነጋዴውን፣ ሠራተኛውን፣ ምእመኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን የሚጠይቀው ሰው አስቀድሞ ሰጥቶ መገኘት አለበት። ስንጠይቅም ለማን፣ ለምን፣ ስንት ብለን ለይተን እንናገር። ለድኃ እርዱ ብሎ በደፈናው ከመለመን፣ ለእገሌ መንደር ለ20 ሕፃናት ደብተርና እስክርቢቶ ብሎ መናገር ይሻላል። ያን ጊዜ ሰጪው ልቡ ያርፋል፤ እኛም ከቃላችን አንወጣም። ገንዘብ የሌለው አሮጌ መጽሐፍ፣ ልብስ፣ አንድ ጣሳ ጤፍ ይስጥ። ከዚህም የሌለው ደሙን ለደም ባንክ ይለግስ፤ በሆስፒታል ለተኛች ወላድ ይህ ከብር ይበልጣል።

አራተኛ፤ ሒሳብ። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ማኅበር የፈረሰው እዚህ ላይ ነውና። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርያም የጌታን እግር በሽቱ በቀባች ጊዜ ሽቱው ለ300 ዲናር ተሸጦ ለድኆች መሰጠት ነበረበት ብሎ የተናገረው የአስቆሮቱ ይሁዳ ነው። ወንጌላዊው ይህን ያለው ለድኆች ተገድዶላቸው እንዳልሆነ፣ ከረጢቱን ይዞ ከሚገባው ይወስድ እንደ ነበረ ይጽፋል። በድኃ ስም መናገርና ድኃን መውደድ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ይህም የሆነው ከጌታ እግር ሥር በዋለ ሰው ላይ ነው። እኛ ከሐዋርያት ማኅበር እንበልጣለንን?

ስለዚህ ነው ቅዱስ ጳውሎስ ርዳታውን ብቻውን ያልያዘው። ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ወንድሞችን አብሮ ላከ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር ተጠነቀቀ። እኛም እንዲሁ እናድርግ። ገንዘብ በአንድ ተማሪ የግል የባንክ ሒሳብ ወይም በስልኩ በቴሌብር አይሰብሰብ። ሦስት ሰዎች በጋራ ፊርማ ይያዙት። ለገባውም ለወጣውም ደረሰኝ ይኑር። በቃለ ዐዋዲው መሠረት ሰንበት ትምህርት ቤት ከሰበካ ጉባኤ ጋር የሚሠራ ነውና አባቶች ሳያውቁት ሳጥን ይዞ መውጣት አይገባም። ሥራው ሲያልቅም ገቢው፣ ወጪውና የደረሰበት ስፍራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። በገብር ኄር ሰንበት የምንሰማው የመክሊት ምሳሌ ጌታው ተመልሶ አገልጋዮቹን እንደ ተቆጣጠራቸው ይነግረናል። መቆጣጠሩ አለማመን ሳይሆን ታማኙ አገልጋይ የሚመሰገንበት ጊዜ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። መጻጉዕ ያጣው ሰውን እንደ ነበረ አንርሳ። ገንዘቡን በፖስታ አሽገን በሰው እጅ ልከን ብቻ አንቅር። ሄደን እንይ፣ እንቀመጥ፣ ስም እንጠይቅ፣ የደከመችውን እናት ልብስ እንጠብ፣ ውኃ እንቅዳ። ስንሄድ ግን ካሜራ ይዘን አይሁን። የተቸገረውን ሰው ፊት በፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም ማሳየት ቀኝ የምትሠራውን ግራ እንዳታውቅ ካስተማረው ጌታ ትምህርት ጋር አይስማማም። የወሎውን ፎቶግራፍ ያነሡት መምህራን የተደበቀ ረኃብ ለመግለጥ አነሡት፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ለመግለጥ የምንፈልገው ራሳችንን ነው።

በስምጥ ሸለቆአችን ሌላም አብነት አለን። በ1982 ዓ.ም. ያረፉት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ዘመኑ ሃይማኖት የሚናቅበት ነበር። እነዚያ ወጣቶች የዕረፍት ጊዜያቸውን ሰጥተው ወደ ሐይቁ ዳር ሄዱ፤ ሐይቁ ግን ለመዝናናት አልጠራቸውም። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከመካከላቸው ብዙዎች ነበሩበት፤ ማኅበሩም ገዳማትንና የአብነት ትምህርት ቤቶችን የሚረዳው በአባላቱ ወርኃዊ መዋጮ ጭምር ነው። የተማሪነት ጊዜ ልማድ ደመወዝ ከመጣ በኋላም ሳይለቅ ይኖራል። ዛሬ ከ20 ብር የማይቀንስ ተማሪ ነገ ከ20 ሺህ ብር አይቀንስም።

እንግዲህ በድኃ ስም ሶደሬ እንሂድን? ከተጠየቅን መልሳችን ይህ ይሁን፦ ለራሳችን ስንሄድ በራሳችን ገንዘብ፣ ለድኃው ስንሄድ ለድኃው እንሂድ። ሶደሬም ብንደርስ ከመዋኛው ወጥተን ዘወር እንበል፤ በምርኩዝ ተደግፎ ወደ ፍል ውኃው መውረድ ያቃተው አንድ አባት ይኖራል። እጁን እንያዝ። ያን ቀን ለእርሱ ሰው የለኝም የሚያሰኝ ምክንያት አይኑር።

በቤተ ሳይዳ በሽተኛውን የጎበኘ አምላክ ለእኛም የሚያይ ዓይን፣ የሚሰጥ እጅና የታመነ ልብ ያድለን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከእኛ ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።