ሁሉም ተረት ስንቅ አይሆንም

ልጄ፣ ቅረቢና ቁጭ በይ። እናቶች መርቀውሻል፤ እኔ የቀድሞ አስተማሪሽ ግን ከምርቃት ይልቅ የቤት ሥራ መስጠት ይቀናኛል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ልትገቢ ነው። እናትሽ ስንቅ ስትቋጥር አየኋት፤ በሶውም ድርቆሹም ሞልቷል። ተረቱን ግን እኔ ልምረጥልሽ፤ አባቶቻችን የተናገሩት ሁሉ ለዚያ ቤት አይሆንም።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማሽ አድገሻል። ይህን እዚሁ ተዪው። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌላውን የፌዴራል ባለሥልጣን ጠርቶ መጠየቅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ የተሰጠ ሥልጣን ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውንም ተዪው። ለጎረቤት ጠብ ይሆን ይሆናል፤ እዚያ ግን ዝምታ ከጎተራ እህል ቀድሞ ይነቅዛል። በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠሽው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማትከሰሺ አንቀጽ 54 ጽፎልሻል፤ ተገዥነትሽም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናሽ ብቻ ነው ይላል። ከፓርቲሽ ጋር እንዳትጋጪ የሚሰጉልሽ ይኖራሉ፤ ሥጋታቸውን አልንቅም። ቢያንስ ግን ረቂቁ ገና ጥሬ ሳለ፣ ቋሚ ኮሚቴው ውስጥ ተናገሪ። እጅ በሚወጣበት ቀን አብዛኛው ነገር በስሎ አልቋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ስለሚለው ምንም አልልሽም፤ በምን እንዳሳደገችሽ እናትሽ ታውቃለች።

«ካልተገላበጠ ያራል» የሚለውን ግን ያዢው፤ የሚቀርብልሽን ነገር አገላብጠሽ እዪ። የሚታደልሽን ወረቀት ሁሉ አንብበሽ አትዘልቂውም፤ የተመደብሽበትን ኮሚቴ ጉዳይ ጠንቅቀሽ እወቂ፣ በቀረው የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። የዋና ኦዲተሩ ሪፖርት ሲቀርብ ግን አንድም ዓመት አይለፍሽ፤ ገንዘብ የት ላይ እንደተንጠባጠበ የሚታየው እዚያ ነው። በጀት ሐምሌ 1 ሥራ ላይ ይውላል። የመንገዳችንን ነገር ከጸደቀ በኋላ ብታነሺው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ድምፄን ከሰጠሁት በኋላ እስከ ቀጣዩ ምርጫ ፊቱን ያላየሁት ተመራጭ ነበር። ሰዉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይልበት ነበር፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። አንቺ እንዲህ እንዳትባዪ፣ የምክር ቤቱን ዓመትና የገበሬውን ዓመት ጎን ለጎን አድርገሽ አስተያዪ። ጉባኤው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመካከሉ የአንድ ወር እረፍት አለ። ሲዘጋ ግን እዚህ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ገበሬውን ከእርሻው ጠርተሽ አዳራሽ ውስጥ ብታስቀምጪው አፉ «እሺ» ይልሻል፣ ልቡ ከበሬው ጋር ነው። በዓል ቀን ነይ፣ ገበያ ቀን ነይ።

አዳራሹንም ብዙ አትመኚው። እዚያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ተመርጦ የተጠራ ሰው ነው፤ የሚናገረውም የተለመደውን ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ ማኅበር ከሚጠጣበት፣ እድር ከሚሰበሰብበት ተቀመጪ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ለስብሰባ ጊዜ የላቸውም፤ ጀሪካን ይዘው ተራ ሲጠብቁ አብረሻቸው ቁሚ። በወረዳ ሪፖርት «ተጠግኗል» የተባለ ቧንቧ ወር ሙሉ ደርቆ ስታገኚው እንዳትደነግጪ።

የሚሉሽን በደብተር ጻፊ። ማን ጠየቀ፣ መቼ፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ላክሽው፣ ምን መለሱልሽ። አንዳንዱ ጥያቄ ያንቺ አይደለም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የወረዳና የክልል ነው፣ የኤሌክትሪኩ ነገር ወደ ፌዴራል ይሄዳል። «የኔ አይደለም» ብለሽ ግን አትሰናበቺ፤ የማን ደጃፍ እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ካስፈለገም እስከ ደጃፉ አብረሽ ሂጂ። ያልሆነውንም «አልሆነም» ለማለት ተመለሺ። ሰው የሚቆጣው በእምቢታው ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ደረሰ አልደረሰ ሳያውቅ ሲቀር ይብስበታል። ለእኔ ይህ ከንግግርሽ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ሌላው ሁሉ እየሠራሽ የሚለመድ ነው። የወንዛችን ድልድይ ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቹን ከትምህርት እንደሚያስቀር ታውቂያለሽ፤ አንቺም ቀርተሽበታል። ለማን እንደሚጻፍ እኔም እስከ ዛሬ አላጣራሁም። የደብተርሽን የመጀመሪያ ገጽ በእሱ ጀምሪውና፣ በእረፍትሽ ስትመጪ ይዘሽው ነይ፤ እንደ ድሮው አርማለሁ።