በቀቀን «እምቢ» ሲል

በቋንቋችን በቀቀን መባል ስድብ ነው። ያልገባውን የሚደጋግም፣ የሌላውን ቃል ከአፉ ተቀብሎ የሚያስተጋባ ሰው በቀቀን ይባላል። ይህ ንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፉ በሰውና በእንስሳ መካከል ያለውን ድንበር ሲያሰምር ለምስክርነት የጠራው ይህንኑ ወፍ ነበር። በቀቀን እንደ እኛ ቃል ሊያወጣ ይችላል፤ የሚናገረውን እያሰበ እንደሚናገር ግን ሊያሳየን አይችልም፤ ስለዚህ ድምፅ እንጂ ንግግር የለውም ሲል ደመደመ። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ደግሞ በዚያው ምእተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘው። በቀቀን ሲያስብና ሲከራከር ብንሰማ እንኳ፣ አስተዋይ በቀቀን እንለዋለን እንጂ ሰው አንለውም አለ። ሁለቱም ጉዳዩን የመረመሩት በሐሳብ ነበር።

ወፉን ፊት ለፊት ተቀምጠው ለመጠየቅ ከተነሡት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው አሜሪካዊቷ ዶክተር አይሪን ፔፐርበርግ ናቸው። በኬሚስትሪ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙት እኚህ ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የቤት እንስሳት መደብር ዕድሜው አንድ ዓመት ያህል የሆነ አመድማ የአፍሪካ በቀቀን ገዙ። ወፉን ራሳቸው አልመረጡም፤ ኋላ «ብልሁን ለይታ ወሰደች» እንዳይባል የመደብሩ ሠራተኛ እንዲመርጥላቸው አደረጉ። ስሙንም አሌክስ አሉት።

የማስተማሪያው ዘዴ ቀላል ይመስላል። ሁለት ሰዎች በወፉ ፊት ይቀመጣሉ። አንደኛው ዕቃ ያነሣና ሁለተኛውን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። በትክክል ከመለሰ ዕቃው ይሰጠዋል፤ ከተሳሳተ ይነፈጋል። ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ። ወፉ ይህን ሲመለከት ቃል ሥራ እንዳለው ይረዳል፤ እሱም ተራውን ይፈልጋል። ሽልማቱ በስሙ የተጠራው ነገር ራሱ ነው፤ ቡሽ ላለ ቡሽ፣ ቁልፍ ላለ ቁልፍ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሌክስ የ50 ያህል ዕቃዎችን ስም፣ ሰባት ቀለሞችን፣ አምስት ቅርጾችን ለይቶ ለመጥራት በቃ፤ እስከ ስድስት የሚደርስ ብዛትም ይናገር ነበር። ሁለት ዕቃ አቅርበው የሚመሳሰሉት በምን እንደሆነ ሲጠይቁት በቀለም፣ በቅርጽ ወይም በተሠሩበት ነገር መሆኑን ይለያል። ከመቶው ሰማንያ ያህሉን በትክክል ይመልስ ነበር። ተጠራጣሪዎች አልጠፉም። በጀርመን አገር ሂሳብ ያውቃል የተባለው ሃንስ የተባለ ፈረስ መልሱን የሚያገኘው ከጠያቂዎቹ የሰውነት እንቅስቃሴ መሆኑን ኦስካር ፑንግስት እ.ኤ.አ. በ1907 አጋልጦ ነበርና፣ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ፔፐርበርግም ይህን አስበው ፈታኙ ሌላ ሰው እንዲሆን፣ ጥያቄውም እንዲደበላለቅ አድርገዋል። አሌክስ ያገኘውን ችሎታ «ቋንቋ» ብለው ከመጥራትም ተቆጥበዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት የሰፈረ አንድ ገጠመኝ ግን ዴካርትን ሳያስገርመው አይቀርም። ትሪ ላይ ሁለት፣ ሦስትና ስድስት እየሆኑ፣ በቀለም የተለያዩ ዕቃዎች ተደርድረዋል። «ሦስቱ ምን ዓይነት ቀለም ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ አሌክስ «አምስት» አለ። ቢደገምለትም መልሱ «አምስት» ሆነ። በመጨረሻ ጠያቂዋ «እሺ፣ የአምስቱስ ቀለም ምንድን ነው?» ብትለው «የለም» ብሎ መለሰ። እውነትም አምስት የሆነ ነገር ትሪው ላይ አልነበረም። ቃሉን ቀደም ሲል የተማረው በዕቃዎች መካከል ልዩነት ወይም ተመሳሳይነት ሲጠፋ እንዲለው ነበር፤ ለሌለ ብዛት እንዲጠቀምበት ያስተማረው ሰው አልነበረም።

አሌክስ እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2007 ሲሞት ዓለምን ያስለቀሰው ግን ይህ አልነበረም፤ በዋዜማው ምሽት ለአስተማሪው ያሰማው የፍቅር ቃል ነበር። ያን ቃል ማታ ማታ ይለው ነበርና ልማድ ይሁን ስሜት መለየት ያስቸግራል። በእኔ አስተያየት ከፍቅር ቃሉ ይልቅ እምቢታው ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። ሳይንስ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ትክክል መመለስ ማስረጃ አይሆንም። ወፉ ግን ይሰለቻል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ትቶ የተሳሳቱትን በሙሉ ይደረድራል፤ ዕቃውን አንሥቶ ይወረውራል፤ ወይም ወደ ሽቦ ቤቱ እንዲመልሱት ይጠይቃል።

«ይህም ቢሆን የሚጠቅመውን ድምፅ ለምዶ ነው» የሚል ይኖራል። ይሁን። እኛስ ቃልን ከየት አመጣነው? «ውሃ» የሚለውን ቃል ማናችንም አልፈጠርነውም፤ ከሌላ አፍ ሰምተን፣ ሲጠማን ብለነው፣ ውሃ ተሰጥቶን ነው የእኛ ያደረግነው። ቃል የራስ የሚሆነው ስለፈጠሩት ሳይሆን ለራስ ጉዳይ ስላዋሉት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያስተማረን ሰው የማይፈልገውን ለማለት ስንጠቀምበት የእኛ መሆኑ ይታወቃል። የፍቅር ቃል አስተማሪውን ደስ ያሰኛል፤ «በቃኝ» ግን የተናጋሪው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ከአእምሮ ምርምር ወደ ግብረ ገብ ይሸጋገራል። «በቃኝ» ማለትን ያስተማረ ሰው የመስማት ዕዳ ገብቷል። ቃሉን አስተምሮ ሲነገረው ካልሰማ፣ ንግግሩን ወደ ባዶ ድምፅ የቀየረው ሰሚው ነው እንጂ ወፉ አይደለም። ዴካርት ሁሉንም ነገር ከተናጋሪው ጠበቀ፤ ከሰሚው ምን እንደሚፈለግ አልጠየቀም።

ዕዳው በአንድ ቤተ ሙከራ አያበቃም። የአሌክስ ዘመዶች የሚኖሩት በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ነው። በጋና ብቻ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቁጥራቸው ከመቶ ዘጠና በላይ እንደወረደ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ገልጿል። በዚያው ዓመት ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ከዱር የተያዙትን በዓለም ገበያ መነገድ እንዲከለከል ወሰኑ። የደን መጨፍጨፍ እንዳለ ሆኖ፣ ወፎቹን ለአጥማጅ ከዳረጓቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ቃል የመቀበል ችሎታቸው ነበር። ክብር ሊያሰጣቸው የሚገባው ዋጋ አወጣባቸው። ሰው ማጥመጃ ውስጥ የገባ ወፍ ሲጮኽ ይሰማና፣ ቃል ስላላወጣ እምቢታ መሆኑን ይክዳል። የአሌክስ ትምህርት የሚጠቅመን፣ ቃል ያላወጣውንም ጩኸት እንድንሰማ ካደረገን ነው። ለወፍ «የምትለው አይገባኝም» ማለት ቀላል ነው፤ ላለመስማት ምክንያት ስንፈልግ ለሰውም የምንለው ይህንኑ ነው።