ለልምምድ ለምትወጪው ልጄ

ልጄ ሆይ፣ ለሥራ ልምምድ የደረሰሽ የሰፈር ኪነ ጥበብ ማዕከል መሆኑን ስትነግሪኝ ቅር እንዳለሽ ከድምፅሽ ለይቻለሁ። ጓደኞችሽ ባንክና ትልልቅ መሥሪያ ቤት ደርሷቸዋል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ የሚሰጥሽ ላይኖር ይችላል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እንዲህ ባለ ቤት ሁሉም ሩጫ ላይ ነው። አንዱ ለሥዕል ክፍል ወንበር ይደረድራል፣ አንዱ የማይክ ገመድ ይፈታታል፣ አንዱ የአዳራሽ ቁልፍ ይፈልጋል። የምፈራልሽ ይህችን ሰዓት ነው። ጥግ ይዘሽ ስልክሽን ስትነካኪ ጥቂት ቀን ካለፈ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያይሽ የለም። እንግዳ ሆነሽ ገብተሽ እንግዳ ሆነሽ ትወጪያለሽ። የልምምድ ደብተርሽ ይፈረምልሽ ይሆናል፤ እጅሽ ግን ምንም ሳይለምድ ይቀራል።

እንግዳ አትሁኚ፣ ልጄ። ወንበር ሲነሳ ተነሺ። «ልያዝልዎት?» በዪ። ልምምዱ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ ሁለት ሰዓት ላይ ድረሺ። ዘበኛውን ጋሼ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ ብለሽ ሰላም በያቸው። ቤቱን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሁሉ በፊት ዕቃ ቤቱን እወቂ። ክራሩን፣ በገናውን፣ ማሲንቆውን ለይተሽ እወቂ። የማሲንቆ ክር አንድ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ ይሠራል። በገና አሥር ክር አለው። የሰው መሣሪያ ሳታስፈቅጂ አትንኪ፣ አትቃኚ። ከበሮ ቆዳ ነው፤ በክረምት እርጥበት ይላላል፣ ሲሞቅ ይወጠራል። ሲሚንቶ ላይ አድሮ እርጥበት የጠጣ ከበሮ ቅዳሜ ጠዋት ድምፁ ታፍኖ ይውላል። ማንም አይወቅስሽም። ግን ለትምህርት የመጡት ሕፃናት የከበሮ ድምፅ እንዲያ ነው ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ከበሮውን ከወለል ማንሳት ደግሞ አያቅትሽም።

በር ላይ ቆሞ አይቶ፣ ሳይገባ የሚመለስ ልጅም አይጠፋም። ጫማው አሮጌ ይሆናል፤ ወይም ይከፈልበታል ብሎ ይፈራል። እሱን ልብ በዪው። ሀገር ፍቅር ቲያትር እንኳ በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጀመረው ሕዝብን ሰብስቦ በአደባባይ ነበር፤ አዳራሹ ኋላ የመጣ ነው። ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ ገና በልጅነቱ ከወሊሶ መጥቶ የገባው እዚያ ነው። የሚያፍር ልጅ የሚገባው «ና፣ ግባ» የሚለው ሰው ሲያገኝ ነው። ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል። ስሙን ጠይቂው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም በስሙ ጥሪው።

ተወዛዋዡን መላኩ በላይን ታውቂዋለሽ። ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ከተመልካች በሚሰጠው ሽልማት ብቻ እየጨፈረ ዓመታት ኖሯል። ኋላ ቤቱን ይዞ የባህል ማዕከል አደረገው። ይህን የምልሽ ጉልበትሽ በከንቱ ይበላ ለማለት አይደለም፤ ቤት የሚታወቀው በውስጡ እየሠሩ ነው ለማለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቡና ብቻ የሚያስፈሉሽ ከሆነ ግን ዝም አትበዪ። በትሕትና ለኃላፊው ንገሪ፤ ካልሆነም ለተቆጣጣሪ መምህርሽ። ለመማር ነው የሄድሽው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ አባት ልበልሽ። የቲያትር ልምምድ ያመሻል። ሲያመሽ ብቻሽን አትውጪ፤ ከሴቶቹ ጋር ተያይዘሽ ውጪ። «ቤት መጥተሽ ላስጠናሽ፣ መድረክ ላይ አወጣሻለሁ» የሚልሽ ቢመጣ፣ ስሙ የገነነ ቢሆንም እንኳ፣ እምቢ በዪ፤ በዚያው ዕለትም ለምታምኛቸው ሰዎች ተናገሪ። ማፈር ያለበት እሱ ነው። ፊርማው ቢቀርብሽም ይቅር፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት ሄደሽ መንገዱን እይው። ታክሲው የት እንደሚያወርድሽ፣ የጠዋቱ ሰልፍ ምን ያህል እንደሚያቆም እወቂ። የትምህርት ቤትሽን ደብዳቤ ሁለት ኮፒ አድርጊ፤ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ይጠፋል። ማታ ስትመለሺ ደውይልኝ፤ ማንን እንደተዋወቅሽ፣ ምን እንደያዝሽ ትነግሪኛለሽ።