ከቅቡ በታች

አማርኛ ለቀለም ሥራ ያለው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። «ቀባ» የሚለው ግስ በአንድ በኩል ክብርን ይሰጣል፤ ንጉሥ ይቀባል፣ የተቀባውም ቅቡዕ ይባላል፣ ከዚያችም ሰዓት ጀምሮ እንደ ቀድሞው ሰው አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ያው ግስ ክብርን ይገፋል፤ ወርቅ መስሎ ወርቅ ያልሆነው ጌጥ «ቅብ» ነው፤ ጥፋቱን በቃል አሳምሮ ሊያልፍ የሚሻ ሰውም ነገሩን «ቀባባው» ይባላል። ቀለም ራሱ ዕጣው እንዲሁ ነው። የተማረ ሰው ቀለም የገባው ሰው ነው፤ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ቤት ሻጭ ግን ቀለም የሚቀባው ገዢውን ሊያታልል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ብሩሽ ይዞ ከአሮጌ የምግብ ጠረጴዛ ፊት በቆመ ጊዜ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በእነዚህ በሁለቱ ፍርዶች መካከል ቆሟል። ሊያከብረው ነው ወይስ ሊሸፍነው?

ጥያቄው ተራ መስሎ የሚታየው ጠረጴዛው የሌላ ሰው እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው። እስቲ አንባቢ በአዲስ አበባ ካሉት እርስ በርስ ከሚመሳሰሉ ብዙ ቤቶች አንዱን በዓይነ ሕሊናው ይመልከት። እናት አርፈዋል፤ ተዝካራቸውም ወጥቷል፤ ሦስት ልጆች ቤቱን ሊያስተካክሉ ተሰብስበዋል። ከሳሎኑ መካከል ስድስት ወንበሮች ያሉት የዋንዛ ጠረጴዛ ቆሟል። ይህ ጠረጴዛ በእናቲቱ ዘመን ሁሉ ገጹ ታይቶ አያውቅም። በአዘቦት ቀን ሙሻማ ለብሶ ይውላል፤ ለዓመት በዓል ሙሻማው ይነሣና ታጥቦ በስታርች የደረቀ ነጭ ዳንቴል ይለብሳል። ልጆቹ ሙሻማውን ገልጠው ሲያነሡ፣ በአንደኛው ጥግ አጠገብ የከሰል ካውያ ቅርጽ እንደ ማኅተም ጠቁሮ ታትሞ ተገኘ።

ታላቂቱ እኅት እጇን በምልክቱ ላይ አሳረፈች። የሦስቱም ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ሲተኮስ የኖረው በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነው። «ታጥቦ ቫርኒሽ ይቀባ እንጂ ይህ አይነካም» አለች። ታናሽ ወንድሟ ግን በነጭ ቀለም ማስቀባቱን መርጧል። «እትዬ፣ እማዬ ይህን ለእንግዳ አሳይታ ታውቃለች? ሙሻማውንስ የገዛችው ለምን መሰለሽ?» የመጨረሻው ልጅ ሦስተኛ ሐሳብ አመጣ። ከስድስቱ ወንበሮች ሁለቱ ኋላ ከባሕር ዛፍ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ሁሉንም ፍቆ በጥቁር ቡናማ ማቅለሚያ አንድ ማድረግ ይሻላል አለ። ማቅለሚያ እንደ ቀለም ከላይ የሚተኛ ሳይሆን እንጨቱ የሚጠጣው ፈሳሽ ነውና፣ የእንጨቱ ጅማት እንደ ታየ ይቀራል።

በሦስቱ አሳብ ውስጥ ሦስት ዓይነት የእውነት ትርጉም ተሸሽጓል። ለእኅቲቱ እውነት የሆነው ነገር ነው፤ ለወንድሟ እናታቸው የፈለጉት ነው፤ ለመጨረሻው ልጅ ዓይን የሚወደው ስምምነት ነው። ብዙ ሰው ይፍረድ ቢባል ለቀለሙ የሚያዝን አይገኝም። የተለመደው አስተያየት ቀለም ይሸፍናል፣ ማቅለሚያ ያከብራል የሚል ነውና። ይህ አስተያየት ግን ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት አይጸናም።

እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1849 ስለ ሕንፃ ጥበብ ሰባት ፋኖሶች ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከሰባቱ አንዱን ፋኖስ «እውነት» ብሎ ሰይሞ፣ አንዱን ቁስ ሌላ ቁስ አስመስሎ መቀባትን ከማታለል ቆጥሮታል። እንጨት ዕብነ በረድ መስሎ ሊቆም አይገባም ባይ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥብቅ ሰው የወርቅ ልባጥ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ፍርዱን ለሁለት ከፈለው። በሕንፃ ላይ የተለበጠ ወርቅ ማታለል አይደለም፤ ጣሪያው ሁለንተናው ወርቅ ነው ብሎ የሚያምን የለምና። በጌጣጌጥ ላይ ሲሆን ግን ማታለል ነው፤ ያየው ሁሉ ወርቅ ነው ብሎ ይቀበለዋልና። እንዲህ ከሆነ ውሸቱ በቅቡ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ያለው በቀቢውና በተመልካቹ መካከል ነው።

የቪየናው አርክቴክት አዶልፍ ሎስ እ.ኤ.አ. በ1898 በጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን ይበልጥ አጠበቀው። ልባሱ ከሚያለብሰው ነገር ጋር ሊምታታ አይገባም አለ። ከዚህ ሕግ በመነሣትም፣ እንጨት በማናቸውም ቀለም ሊቀባ ይችላል፣ የተከለከለው አንድ ቀለም ብቻ ነው፣ እርሱም የእንጨት ቀለም ነው ሲል ደመደመ። በሎስ ችሎት ፊት ሦስቱ ልጆች ቢቀርቡ፣ ነጭ ቀለም ይቀባ ያለው ወንድም በነጻ ይሰናበታል። ነጭ ቀለም «እኔ ቀለም ነኝ» ይላል እንጂ እንጨት ነኝ አይልም። የሚከሰሰው ባሕር ዛፉን ዋንዛ ሊያስመስል ያሰበው የመጨረሻው ልጅ ነው። እርግጥ ወንበሮቹ ከቤት እስካልወጡና ለገበያ እስካልቀረቡ ድረስ ማን ተታለለ የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም።

የሎስ ሕግ የማይመልሰውን አንድ ጥያቄ ግን እንጨት ሠሪው ይመልሳል። ልጆቹ ያስጠሩት ሽማግሌ አናጺ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ብሩሽ ማንሣት አልነበረም። ጠረጴዛውን ገልብጠው ከሥሩ፣ ከማይታይ ቦታ፣ በጥጥ የነከሩትን አልኮል አስነኩት። አሮጌው ልባስ ሼላክ ከሆነ፣ እርሱም ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፣ በአልኮል ይለሰልሳል፤ ካልለሰለሰ ሌላ ዓይነት ነው። በዚያው አጋጣሚ ጠረጴዛውን የሠራው ሰው እግሮቹን ከየማዕዘናቸው ለማገናኘት በእርሳስ የጻፋቸው ቁጥሮች ታዩ። ሠራተኛው ስሙን አልጻፈም፤ ከአንድ እስከ አራት ብቻ ቆጥሯል።

ሽማግሌው እንዳስረዱት ቀለም ከላይ ይተኛል። ከሥሩ አሮጌ ቫርኒሽ ካለ በሁለቱ መካከል ወሰን ይኖራል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አሳቡን ቢለውጥ፣ ቀለሙ በማስለቀቂያ ለስልሶ ሊነሣ ይችላል። ማቅለሚያ ግን ይሠራ ዘንድ እንጨቱ ራቁቱን መሆን አለበት። አሮጌው ልባስ ሁሉ ተፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በ120 ቁጥር ኋላም በ180 ጅማቱን ተከትሎ ተፈግፍጎ፣ ትቢያው ከተጠረገ በኋላ ነው ማቅለሚያው በጨርቅ የሚሰጠው። ትርፉ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይወለወላል፤ የገባው ግን ገብቷል። ጅማቱ የተቆረጠበት ጫፍ ከገጹ ይልቅ ብዙ ስለሚጠጣ ይጠቁራል። ከመጋጠሚያው ሙጫ የፈሰሰበት ቦታ ደግሞ አልጠጣም ብሎ ነጥቶ ይቀራል። ጠልቆ የገባውን ለማስወገድ ብዙ ጊዜ እንጨቱን ራሱን በመላጊያ መላግ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ትሑት መስሎ የሚቀርበው ማቅለሚያ መመለሻ የሌለው ሆኖ ሲገኝ፣ ደፋር የሚመስለው ቀለም ግን መንገዱን ክፍት ይተዋል። ይህም ቢሆን ያለ ገደብ የሚነገር አይደለም፤ በባዶ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ በቀላሉ አይወጣም። ደግሞም ቀለም ሁሉን ዝም ማሰኘት አይችልም። ሙጫ ያለበት አንጓ፣ ወይም ቀድሞ ቀይ ማቅለሚያ የጠጣ ገጽ፣ በሼላክ ካልታሸገ በስተቀር በአዲሱ ነጭ ቀለም ውስጥ ቀስ በቀስ ቢጫና ቀይ ሆኖ ይወጣል። ብዙ የቤት ሠዓሊ ይህን አይቶ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ደርቦ ቀብቷል፤ አልጠቀመውም።

ስለ መሸፈን ይህን ያህል ከተባለ፣ ስለ መግለጥስ? በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የከተማው ሰው ከገጠር የመጡ አሮጌ የፓይን ጠረጴዛዎችንና ቁም ሣጥኖችን ቀለማቸውን አስገፍፎ መግዛት ጀመረ። ነጋዴዎቹ ዕቃውን ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ገንዳ ውስጥ ይነክሩታል፤ ቀለሙ ተገፎ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም መጋጠሚያውን የያዘው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተሠራው ሙጫ አብሮ ይላላል። ገዢው ገርጥቶ የወጣውን እንጨት እየዳሰሰ «እውነተኛው ይህ ነው» ይላል። ነገር ግን ከእነዚያ ዕቃዎች ብዙዎቹ ገና ሲሠሩ ሊቀቡ የታሰቡ ነበሩ። ፓይን ርካሽ እንጨት ነው፤ የድኻው ቤት ቀለም ይቀባው የነበረው ቤቱ ሞገስ እንዲያገኝ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የተሠራውም ዊንዘር የተባለው ወንበር እንዲሁ ነው። መቀመጫው ከአንድ እንጨት፣ እግሮቹ ከሌላ፣ የጀርባው ዘንጎች ከሦስተኛ ስለሚሠሩ፣ ብዙውን ጊዜ በአረንጓዴ ቀለም አንድ አካል ይደረግ ነበር። እንዲህ ያለውን ወንበር ቀለሙን ገፍፎ ሦስቱን እንጨት ለየብቻ ያሳየ ሰው ምን እውነት አገኘ? ሠሪው ከቶ ያላሰበውን ነገር ፈጥሮ «ጥንታዊ» ብሎ ሰየመው።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው «ካፒታል» የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ሸቀጥ ምሥጢር ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው ጠረጴዛን ነው። እንጨቱ ቅርጹ ቢለወጥም እንጨትነቱ አይቀርም፤ ወደ ገበያ ሲወጣ ግን ሌላ ፍጡር ይመስላል፤ ከበስተኋላው ያለው የሰው ድካም ይሠወራል። ይህ አነጋገር ለቀለምም ይሠራል። ጠረጴዛ እንጨትና ድካም ከሆነ፣ የአናጺው ድካም ክቡር የቀቢው ድካም ግን እድፍ የሚባልበት ምክንያት የለም። በቅኔ ቤትም ሰሙ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ሰሙ ያላማረ ቅኔ ወርቁ ቢያበራ እንኳ መምህሩን አያስደስተውም።

አሁን ወደ ካውያው ምልክት መመለስ ይገባል፤ የጉዳዩ ሥር እዚያ ነውና። ያ ምልክት ለልጅቱ የእናትነት ማኅተም ነው። ለእናቲቱ ግን ነውር ነበር። በማለዳ ተነሥተው ከሰል አቀጣጥለው፣ ሦስት ዩኒፎርም ሲተኩሱ፣ ምናልባትም ወጡ ሲገነፍል ሰምተው ዘወር ያሉ እንደ ሆነ፣ በስንት ቁጠባ የተገዛ ጠረጴዛ ተቃጠለባቸው። ሙሻማው የተገዛው ያኔ ነው። ጠባሳን መውደድ ላልቆሰለ ሰው ቀላል ነው። ከባለቤቱ ሞት በኋላ የሸፈነውን ገልጦ «እንዴት ያምራል!» ማለት ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ግን ያ ሰው በሕይወት ቢኖር ፈቃዱን ይሰጥ እንደ ነበር መጠየቅ አለበት። በአንጻሩ ደግሞ ወንድምየው በነጭ ቀለም እማዬን ከኀፍረት ላድን ሲል፣ ከኀፍረቱ ጋር ድካማቸውንም አብሮ ይቀብራል። እርሳቸው የሸፈኑት በሚነሣ ነገር ነበር፤ በየበዓሉም እያነሡ ያጥቡት ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በእርግጥ የቀደመውን ሰው ፈቃድ ማክበር የማይገባበት ጊዜ አለ። በድሮ ቀለም ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊድ የተባለው መርዛም ማዕድን አለበት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የነጭ ሊድን ቀለም አጠቃቀም የሚገድበውን ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ መፈግፈግ ትቢያውን ሕፃናት እንጀራ በሚቆርሱበት ገበታ ላይ መበተን ነው። እዚህ ላይ ስለ ውበት የሚደረግ ክርክር ቦታ የለውም።

ለእኅቲቱ ወገን የሚቆም ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም እንጨቱ ራሱ ነው። ዋንዛ ለቡና ጥላ፣ ፍሬው ለእረኛ ልጆች፣ ግንዱ ለከበሮ፣ ለቀፎና ለበር ሲያገለግል የኖረ ዛፍ ነው። እናቲቱ ጠረጴዛውን ሲያሠሩ ዋንዛ እንደ ብርቅ የሚታይ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ግን ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከልክሏል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ጠረጴዛ አብዛኛው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሆኖ፣ በላዩ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ሎስ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን! እናቲቱ ተራ ነው ብለው የሸፈኑት ነገር ከእርሳቸው በኋላ ብርቅ ሆነ። ስለዚህ የልጅቱ ዓይን ትዝታ ብቻ አይደለም ያየው፤ እናቷ ሊያውቁት የማይችሉትን ዋጋም ነው።

የመጨረሻው ልጅ እስከ ማምሻው ድረስ አልረታም ነበር። «ጋሼ፣ ታዲያ ወንበሮቹ ዝንጉርጉር ሆነው ሊቀሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያነቃነቁ የላሉትን ለይተው ካቆሙ በኋላ፣ ስድስቱም በአንድ ቀለም እንዲቀቡ ፈረዱ፤ ዋንዛዎቹ አሮጌ ቫርኒሻቸው ሳይነሣ፣ ባሕር ዛፎቹ ደግሞ አስቀድሞ በሼላክ ታሽገው። ወንድምየው ነጩን ትቶ አረንጓዴ መረጠ። የጠረጴዛው ገጽ በለሰለሰ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሁለት ጊዜ ስስ ቫርኒሽ ተቀባ፤ የካውያው ምልክት አልተፋቀም፣ አልተሞላምም። ከሥር ያሉትን የእርሳስ ቁጥሮች ማንም እንዳይነካ ሽማግሌው አስጠነቀቁ። እኅቲቱ ለበዓሉ ዳንቴሉን አጥባ በስታርች አደረቀችው። ሙሻማውን ግን ይጣል ያለ አልተገኘም፤ ተጠቅልሎ ከቡፌው ጀርባ ቆሟል።