ደጅ አትጥኑ

ልጆቼ፣ ፓንክ ሙዚቃን እኔም እወደዋለሁ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል። ስለዚህ ድምፁን ቀንሱት ልላችሁ አልመጣሁም። የምለምናችሁ በጩኸቱ ውስጥ ያለውን ሥራ እንድታዩ ነው።

የቆመ ጸጉር፣ የተቀዳደደ ሱሪ፣ ጃኬት ላይ የተሰካ መርፌ ቁልፍ፣ ሁሉም ዛሬ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ይሸጣል። ማንም ገዝቶ ሊለብሰው ይችላል። ሊገዛ የማይችለውን ላውራችሁ።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ቲን አይድልስ የተባለ የታዳጊዎች ባንድ ሊበተን ሲል ከትንንሽ መድረኮች ያጠራቀመው ጥቂት መቶ ዶላር ነበረው። ልጆቹ ተካፍለውት ወደየቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ሸክላ አሳተሙበት። የትልልቅ አሳታሚዎችን ደጅ አልጠኑም፤ ዲስኮርድ ብለው የራሳቸውን አቋቋሙ። የሸክላውን ሽፋን በእጃቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ አጣበቁ። ዲስኮርድ እስከ ዛሬ አለ። ፓንክ ለእኔ ይህ ነው፤ ሥራህን ለመጀመር የማንንም ይሁንታ አለመጠበቅ።

ሆኖም በራሴ እሠራለሁ ማለት እንደነገሩ እሠራለሁ ማለት አይደለም። የዚያችው ከተማ ልጆች የሆኑትን ባድ ብሬይንስን አድምጡ። አራቱ ጥቁር ወጣቶች ከፓንክ በፊት ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር፤ እጅግ ፈጣኑን ፓንካቸውን ያለ ስህተት የተጫወቱት በልምምድ ስለታሹ ነው። ናፖሊዮን ሂል ስለ ሀብት ከጻፈው መጽሐፍ ቀና አስተሳሰብ የሚለውን ሐሳብ ወስደው ዘፈን አደረጉት። ኋላም ራስተፈሪያን ሆኑ። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ የካፒቶልን ጉልላት ሲመታ ያሳያል፤ ቀለሙም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። የእኛ ሰው ያን ሽፋን ሲያይ አስተርጓሚ አያሻውም። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወዳቸው እነሱን ነው፤ ቁጣቸው ተስፋን አልገደለባቸውም።

ስለ መጠጥና ስለ ዕፅ አጥብቄ እናገራለሁ። ሴክስ ፒስቶልስ የተባለው ባንድ አባል የነበረው ሲድ ቪሸስ በፌብሩዋሪ 1979 እ.ኤ.አ. በሄሮይን ሲሞት 21 ዓመቱ ነበር። ምስሉን በደረታችሁ የምትለብሱ፣ ይህንንም እወቁ። የቲን አይድልሱ ኢያን ማኬይ ደግሞ ማይነር ትሬት በተባለው ቀጣዩ ባንዱ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ዘፈን ዕፅ አያሻኝም አለ፤ ስትሬት ኤጅ የሚባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ስሙን ከዚያ ዘፈን አገኘ። በየክለቡ ለመጠጥ ያልደረሱ ልጆች እጃቸው ላይ ኤክስ ተደርጎባቸው ይገቡ ነበር፤ እነሱ ምልክቱን መኩሪያቸው አደረጉት። ሁሉም ሰክሮ በሚያመሽበት ቤት በንቃት መቆም ከማንኛውም ጃኬት የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

ሴቶች ልጆቼ፣ ፖሊ ስታይሪንን ፈልጋችሁ ስሟት። አባቷ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ነበር። ለንደን ውስጥ ኤክስሬይ ስፔክስ የተባለውን ባንድ የመራችው ጥርሷ ላይ ሽቦ እንደታሰረ ነው፤ ቆንጆ ምሰይ የሚላትን ገበያ አልሰማችም። በ30 ኤፕሪል 1978 እ.ኤ.አ. እዚያው ለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ ዘረኝነትን ለመቃወም በተዘጋጀው ትልቅ ኮንሰርት ላይ፣ ክላሽ የተባለው ባንድ በተጫወተበት መድረክ እሷም ዘፍናለች።

እንግዲህ አመጽ ለደካማው መቆም እንጂ ደካማውን መግፋት አይደለም። ማኬይ በኋላ በፉጋዚ ባንዱ መግቢያውን አብዛኛውን ጊዜ 5 ዶላር አድርጎ ለማንኛውም ዕድሜ ክፍት ያደርግ ነበር። መድረኩ ሥር ሌላውን የሚመታ ካየ ሙዚቃውን ያቆም ነበር፤ አልሰማም ያለውን 5 ዶላሩን መልሰው ያስወጡት ነበር። ታላላቆቻችሁን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መሳደብ ግን ከዚህ ሙዚቃ የተማራችሁት እንዳይመስላችሁ።

ጊታር ያላችሁ ተለማመዱ፤ የሌላችሁ ተዋሱ። አዳራሽ አፈላልጉ፣ መግቢያውን ርካሽ አድርጉ፣ ታናናሾቻችሁንም አስገቡ።