ፍጡሩ ጠፍቶ ሥዕሉ ሲቀር

 

ባለፈው ጁሙዓ ውጫሌ ላይ ሰግደን ስንወጣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ቀረበኝ። የባዮሎጂ መምህሩ በመጥፋት ላይ ካሉት የአገራችን እንስሳት አንዱን ሥለው እንዲያመጡ አዟቸዋል። እሱ ቀይ ቀበሮ ሳለ። ከሳለ በኋላ ግን ልቡ አልረጋለትም። «ሐራም ሠርቼ ይሆን?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከመመለሴ በፊት አጠገባችን ጫማቸውን ያጠልቁ የነበሩ አንድ አባት «እስቲ አሳየኝ ልጄ» አሉት። ደብተሩን ራቅ አድርገው አዩና ሳቁ። «ይሄማ የጎረቤት ውሻ ነው!» እኚህ ሰው በልጅነታቸው ደላንታ ላይ ከብት ጠብቀዋል። «ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም ነው፤ አፉ ሾጠጥ ያለ። ጭራውን ደግሞ እስከ ጫፉ ቀይ አደረግኸው፤ ጫፉ እኮ ጥቁር ነው። አላየኸውም እንዴ?» ልጁ አንገቱን ደፋ። የት ያየዋል? የሳለው ስልክ ላይ ካገኛት አንዲት ትንሽ ፎቶ ነው።

እኔም ወደ ቤት ስሄድ ሁለቱ ጥያቄዎች አብረውኝ መጡ። የልጁ «መሳል ይፈቀድልኛል ወይ?» ነው። የሽማግሌው «አይተኸዋል ወይ?» ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያው ላይ ፈትዋ አልሰጥም፣ ዐቅሜም አይደለም። ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሳል የመጡትን ጠንካራ ሐዲሦች ታውቃላችሁ። ኡለማዎች በሐውልትና በጠፍጣፋ ሥዕል መካከል፣ ለአምልኮና ለትምህርት በሚሆነው መካከል የለዩበት፣ የተለያዩበትም ጉዳይ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በሥዕል የሚተዳደርን አንድ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል እንደመከሩትም ተዘግቧል። ልጁን አካባቢው ወዳሉ ኡስታዝ ልኬዋለሁ። ከእነዚያ ሐዲሦች ግን አንድ ነገር ይዤ እመለስበታለሁ፤ በቂያማ ቀን ሠዓሊው የሠራውን ነገር ነፍስ ዝራበት መባሉን፣ አለመቻሉንም።

አሁን ወደ አንድ ታሪክ ልውሰዳችሁ። በ1621 እ.ኤ.አ.፣ በሒጅራ 1030፣ የህንዱ የሙጋል ንጉሥ ጃሃንጊር ፊት አንድ እንግዳ እንስሳ ቀረበ። ያመጡት ሰዎች ከሀበሻ ምድር ነው ይላሉ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው፣ ከጆሮው እስከ ሰኮናው በጥቁርና በነጭ መስመር የተዥጎረጎረ ነበር። እኛ የሜዳ አህያ የምንለው መሆኑ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነበሩ አንዳንዶች ቀለም የተቀባ አህያ መስሏቸው ተጠራጠሩ። ቀርበው አገላብጠው መረመሩት። ቀለም አይደለም፤ የፈጣሪ ሥራ ነው። ንጉሡ ይህን ሁሉ በማስታወሻው ጽፎታል።

ከዚያም «የዘመኑ ብርቅ» የሚል ማዕረግ የሰጠውን ሠዓሊ ኡስታዝ መንሱርን ሥለው አለው። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ብታዩት ትገረማላችሁ። አንገቱ ላይ የታሰረው ገመድ፣ በፊቱ ላይ የሚጠበው መስመር፣ ዝም ያለው ዓይኑ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ከጀርባው ተራራ የለም፣ ንጉሥ የለም፣ አዳኝ የለም። እንስሳው ብቻ ቆሟል። መንሱር የሚያምር ነገር ልጨምርበት አላለም። ያየውን ሳለ። ጭራውን የተሳሳተ አይመስለኝም።

ጃሃንጊር ራሱም ተራ ሰው አልነበረም። ሌይላና መጅኑን ብሎ የሰየማቸውን ሁለት ቁርዬዎች ሲጣመሩ፣ እንቁላል ሲጥሉ፣ ተራ በተራ ሲታቀፉ እየተከታተለ ያየውን መዝግቧል። ዛሬ የወፍ ተመራማሪዎች የሚሠሩትን ሥራ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ታሪክ ነበር። የሙስሊም ሥልጣኔ ለሳይንስ ያደረገው አስተዋጽኦ ብለን ሼር አድርገን ማሻአላህ እንባባልበት ነበር።

ግን ይኸው ሰው በዚያው ማስታወሻው ሌላ ቁጥርም አስፍሯል። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ በእርሱ ፊት የታደኑትን እንስሳት አስቆጥሮ 28,532 ሆኑ፤ ከእነዚህ 17,167ቱን በገዛ እጁ ገድሏል። በአንድ እጁ የወፏን እንቁላል እየቆጠረ በሌላው ይተኩስ ነበር። ውበትን ማድነቅ ከመግደል አላገደውም። ይህን ሳነብ «ተፈጥሮን እወዳለሁ» የሚለውን ቃል ከራሴ አፍ ስሰማው መጠራጠር ጀመርኩ።

ከዚህ የባሰም አለ። በዚያው ቤተ መንግሥት፣ ከሜዳ አህያው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሌላ ከሀበሻ የመጣ ፍጡር ተስሏል፤ ሰው። መሊክ አምበር። ከአገራችን በባርነት ተወስዶ በደቡብ ህንድ የጦር መሪና የመንግሥት አስተዳዳሪ እስከመሆን የደረሰው፣ የሙጋልን ጦር ለዓመታት ያስጨነቀው ሰው። ጃሃንጊር ሊያሸንፈው አልቻለም። ስለዚህ አስሳለው፤ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ጦር ላይ ተሰክቶ፣ ንጉሡ ሉል ላይ ቆሞ በቀስት ሲወጋው። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። መሊክ አምበር በ1626 አርጅቶ፣ ሳይማረክ ሞተ።

እንግዲህ አስቡት። የአንድ ቤተ መንግሥት ሁለት ሥዕሎች፤ ሁለቱም ውስጥ ከእኛ ምድር የሄደ ፍጡር አለ። እንስሳው እንዳለ ታየ፣ ሰውየው እንደተመኙት ተሳለ። ልዩነቱን ያመጣው የሠዓሊው ችሎታ አይደለም፤ ሁለቱም የዘመኑ ምርጦች ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከመሳሉ በፊት ነው፤ ልብ ውስጥ። ለማየት ነው የመጣኸው ወይስ የፈለግኸውን ለማግኘት? የውጫሌ ልጆች ይህ አይጠፋቸውም። በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ሠፈራችን ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ሆኖ አልነበር? ግልባጭ ሲዛባ አድዋ ድረስ ያደርሳል። ቀልድ አይደለም።

ለመንሱር ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ ደግሞ የዶዶ ሥዕል ነው። ዶዶ መብረር የማይችል፣ ከሞሪሺየስ ደሴት በቀር የትም ያልኖረ ትልቅ ወፍ ነበር። ሆላንዶች በ1598 ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ሰውን መፍራት አያውቅም ነበር። መርከበኞቹ በሉት፤ ይዘዋቸው የመጡት አይጥና አሳማ ጎጆውን አፈረሱ። መቶ ዓመት ሳይሞላ ከምድር ገጽ ጠፋ። ይህ ሥዕል ዛሬ ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች ዶዶ በሕይወት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር፣ ቀለሙ ምን እንደነበር ማወቅ ሲፈልጉ ከሚያዩዋቸው ጥቂት ምስክሮች አንዱ ይኸው ሥዕል ነው። ሱብሃነላህ፤ ወረቀት ከፍጡር በለጠ።

ቅድም ወዳልኳችሁ ሐዲሥ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። ነፍስ ዝራበት። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ የሚታየኝ ጣዖት የሚቀርጽ ሰው ነበር። አሁን ግን ዶዶው ይታየኛል። እንደ መንሱር ያለ ሠዓሊ ያን ያህል ተጠንቅቆ፣ ላባ በላባ ሳለው፤ እኛም አራት መቶ ዓመት ጠበቅነው። ነፍስ ግን አንዘራበትም። በቅርቡ፣ በ2023 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ዶዶን በዘረመል ጥበብ እመልሳለሁ ብሎ ተነሥቷል። ቢሳካለት እንኳ የሚፈለፈለው ከሌላ ወፍ ዘረመል ተነካክቶ የተሠራ ዶዶ መሳይ ነው። ያኛው ሄዷል። እንዲህ ሳየው ያ ሐዲሥ ለእኔ ስለ ሠዓሊው ብቻ የሚናገር መሆኑ ቀረ። መግደል የምንችል፣ መቅዳት የምንችል፣ ማኖር ግን የማንችል መሆናችንን የሚያሳይ ሆነብኝ።

ታዲያ መሳል ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። ይልቅ ሥዕል ሁለት ዓይነት ነገር ሊሠራብን ይችላል። አንዱ ወደ ፍጡሩ ይወስደናል፤ ቀና ብለን ተራራውን እንድናይ ያደርጋል። ሌላው ፍጡሩን ይተካዋል። በቲሸርት ላይ፣ በቴምብር ላይ፣ በስልካችን ግድግዳ ላይ አለልን፤ ስለዚህ ያለ ይመስለናል። ያ ከሀበሻ ሄደ የተባለው የሜዳ አህያ ወገን አሁን እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ግሬቪ የሚባለው፣ በ1882 ከአገራችን ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ዡል ግሬቪ በስጦታ በሄደ እንስሳ ምክንያት የሰውዬውን ስም የተሸከመው ዝርያ፣ ዛሬ በዓለም ላይ በዱር ያለው በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሁሉም ተደምሮ 3,000 አይሞላም። ስሙ የሌላ ሰው፣ ሥዕሉ የሌላ አገር፤ የቀረው ደግሞ አፋር አላይደጌ ሜዳ ላይና ወደ ቦረና በኩል ጥቂት።

የልጁ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለመውለድ የደረሰው ቁጥሩ 500 አካባቢ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ። የቀረው እንደ ደሴት በተነጣጠሉ ተራሮች ላይ ተበታትኗል፤ ከእነዚያ ውስጥ የእኛው ወሎ አለበት፤ ደላንታ፣ ቦረና ሳይንት፣ አቡነ ዮሴፍ። ጎጃም ጮቄ ላይ ነበር፤ አሁን የለም። የሚጨርሰው አዳኝ አይደለም። ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ደግሞ ወደ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው የገብስ ማሳ። ገበሬውን ልወቅስ አይደለም። መሬት የጠበበው፣ ልጅ የሚያበላው አባት ደጋውን ቢያርስ በጃሃንጊር ሚዛን አይመዘንም። የውሻው ጉዳይ ግን የሁላችንም ነው። ክትባት የሚባል ነገር አለ፤ ውሻችሁን ብታስከትቡ ልጃችሁንም፣ ጎረቤታችሁንም፣ አይታችሁት የማታውቁትን ቀበሮም ጠበቃችሁ።

መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። የአካባቢው ሰው ሣሩን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ ትውልድ እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል። ለቀበሮው ብሎ አልነበረም፤ ለቤት ክዳኑና ለከብቱ ነው። ማንም ሥዕል አልሳለም። ቀበሮው ግን እስከ ዛሬ እዚያ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ዙሪያ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ እንስሳ እንዳይታደን የከለሉትን ክልል ሳስብ የመንዙ ሽማግሌ ይህ የሚገባው ይመስለኛል። ሥዕል ያላየ፣ ሳይንስ ያልተማረ ሰው ጠበቀ፤ ሁለቱንም በእጁ የያዘው ንጉሥ 17,167 ገደለ። ይህን እንዴት እንደማስታርቀው እውነቱን ለመናገር ገና አልጨረስኩም።

ልጁን ማክሰኞ ገበያ አጠገብ አገኘሁት። ኡስታዙ ምን እንዳሉት ነገረኝ፤ ያ በእሱና በእሳቸው መካከል ይቅር። «ሽማግሌውን ግን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው» አለኝ። ከምሽት እስከ ዒሻእ ሲያወሩት ቆይተዋል፤ ቀበሮው ማለዳ ብርድ ላይ ጭራውን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ እንደሚተኛ፣ ፍልፈሉን ለመያዝ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዴት እንደሚያደፍጥ፣ በግ ጠባቂ ሆነው ሳለ አንዴ ዓይን ለዓይን እንደተያዩ። ክረምቱ ሲወጣ ደላንታ ዘመድ ጋ ይዘውት ሊሄዱ ተስማምተዋል፣ ኢንሻአላህ።

ደብተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ጭራውን በላጲስ አጥፍቶታል። ገና አልሳለውም።