የሾፌሩ ሰንበት

ሰው በአገሩ ሳለ መኪና ሲሳፈር የሚያስበው ስለ መድረሻው ብቻ ነው፤ በሰው አገር ግን መሳፈሩ ራሱ ያሳስበዋል። ይህን የምጽፈው ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በሄድሁ ጊዜ ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው።

ከቆቦ እስከ ወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ረዳቱ የወልዲያን ስም እየጠራ፥ ወንበሩ ሁሉ እስኪሞላ ድረስ በራያ ሜዳ ሙቀት ያስቀምጠናል፤ ሮቢትን አልፈን ጎብዬ እስክንደርስም ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ በየትኛው ቀበሌ ማሽላው እንደ ያዘ ተጠያይቀን እንጨርሳለን። የኢየሩሳሌም የከተማ ባቡር እንዲህ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ የጀመረ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ቢሞላም ባይሞላም ይነሣል። ሒሳብ የሚጠይቅ ረዳት የለውም፤ ተሳፋሪው ካርዱን ራሱ ከመሣሪያው ላይ ያስነካል። መነኩሲት፥ ወታደር፥ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ አይሁዳዊ፥ ቅጠላ ቅጠል የያዘች የእስላም ሴት በአንድ ፉርጎ ተቀምጠው ማንም ማንን አያናግርም። መጀመሪያ ዝምታው ከበደኝ፤ ኋላ ግን ደስ እያለኝ የየፌርማታውን ስም አዳምጥ ጀመር። የደማስቆን በር ዐረቦች ባብ አል ዐሙድ ይሉታል፤ ዐምድ ማለትን በግእዝ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ከቤቱ ደጅ የደረሰ ይመስለዋል።

ከትንሣኤ በኋላ በነበረው ዓርብ፥ መጥምቁ ዮሐንስ ተወለደባት ወደምትባለው ወደ ዐይን ካሬም ሄጄ ሳለሁ ሰዓቱን ሳላስተውል ቀረሁ። ወደ ፌርማታው ስመለስ ሰው የለም፤ ብጠብቅም አውቶቡስ አልመጣም። በዚያ ወገን ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ አውቶቡሱም ባቡሩም ሥራ ያቆማል፤ እስከ ቅዳሜ ማታ አይነሣም። አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፥ ልብ አላልሁም። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ጉልበቴ ደከመ፥ ውሃ ጠማኝ፤ ሳልደብቅ ልናገር፥ ተቈጣሁም። በልቤ፦ ለሰው የማያዝን ሰንበት ምን ሰንበት ነው? አልሁ።

በመንገድ ነጭ ለብሰው ወደ ጸሎት ቤታቸው የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ጥምጣሜን አይተው በጐንደር አማርኛ ሰላምታ ሰጡኝ፤ ከአገራችን የሄዱ ቤተ እስራኤል ናቸው። ብሶቴን ብነግራቸው ሳቅ ብለው፦ «የኔታ፥ ሾፌሩምኮ ቤት አለው» አሉኝና አቅጣጫውን በእጃቸው አመልክተውኝ ሄዱ።

ይህ ቃል እስከ ደማስቆ በር ድረስ አብሮኝ ተጓዘ። እኔ የሁለቱ ሰንበታት አገር ሰው ነኝ። ስለ ቀዳሚት ሰንበት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ትተው በኢየሩሳሌም በኩል እስከ አርመን ተሰደዱ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ብዙ ዘመን ተገፍተው ከኖሩ በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1450፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። ይህን ለተማሪ ስተርክ ኖሬያለሁ። ቀዳሚትን የሚያከብር ሕዝብ ባገኘሁ ጊዜ ግን አውቶቡስ ቀረብኝ ብዬ ተቈጣሁ።

ዕረፍት ስንል የማንን ዕረፍት ማለታችን ነው? ሕጉ የቤቱን ጌታ ብቻ አላለም፤ አገልጋዩን፥ በሬውን፥ አህያውን፥ በደጅ ያለውን መጻተኛ ሁሉ ይቈጥራል። መጻተኛው እኔ ነበርሁ፤ ሳልወድ ከሚያርፉት ተቈጠርሁ፥ ዳገት መውጣት ዕረፍት ከተባለ። በቆቦ ግን እሑድ ሌሊት ወደ ቅዳሴ የሚያደርሰኝ አንድ የባጃጅ ልጅ ነበረ። እኔ ገብቼ ስቆም እርሱ ከውጭ ሌላ ተሳፋሪ ይጠብቃል፤ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ይሰማል። የእኔ ሰንበት በእርሱ ሥራ እንደ ቆመ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

በሌላ ወገን ደግሞ ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። አውቶቡስ ሲቀር የራሱ መኪና ያለው ሰው አይቀርም፤ የሚቀረው ድኻው ነው። ስለዚህ የቴል አቪቭ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር በሰንበት ያለ ክፍያ የሚጓዙ አውቶቡሶች አሰማራች። በኢየሩሳሌምም ቢሆን ከደማስቆ በር አጠገብ የሚነሡት የዐረቦች አውቶቡሶች ቅዳሜ ይሠራሉ። ታሞ የተኛ ልጇን ለማየት የወጣች እናት መንገድ ላይ ብትቀር፥ ለእርስዋ ይህ ምን ዕረፍት ነው? ጌታችንም በሰንበት በሽተኛ በፈወሰ ጊዜ፥ በሬና አህያ ተፈትተው ውሃ እንዲጠጡ የሚወሰዱ መሆናቸውን ለነቀፉት አስታውሷቸዋል። ለእኔ እንደሚመስለኝ መኪናው መሄዱ አይደለም ጥፋቱ፤ የተሳፈረው የሚነዳውን አለማየቱ ነው።

ወደ ቆቦ ተመልሼ ሁለት እሑድ ልጁን ሳልጠራ በእግሬ ሄድሁ፤ ዕረፍቱን የመለስሁለት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ገበያ ላይ አገኘኝና ፊቱ ጠቁሮ፦ «የኔታ፥ ምን አስቀየምሁዎት? ሌላ ሰው ያዙ እንዴ?» አለኝ። የእሑድ ሌሊት ሒሳብ ለእናቱ የቡናና የዘይት መግዣ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ሰማሁ።

በሚከተለው እሑድ ጠራሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ሒሳቡን እጥፍ አድርጌ ሰጠሁትና፦ ዛሬ ግባና አስቀድስ አልሁት።

«ባጃጁንስ ማን ይጠብቅልኛል?» አለኝ።

ግራ ቀኝ ብመለከት የምናውቀው ሰው የለም። ደወሉ ተደወለ፤ እኔ ገባሁ፥ እርሱ ከባጃጁ ጋራ ቀረ።